ከጎን የሚመጣ ነፋስ

ከሸዋሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ካለችው ሴት ጋር ያወራሉ።

«ግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት ልትረጭ የመጣችው ትንሿ አውሮፕላን ናት የተገለበጠችው?»

«እሷው ናት። ስታርፍ ነፋሱ ከጎን ገብቶ ክንፏን አነሳው።»

«አብራሪውስ፣ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ክንዱ ብቻ ነው የተሰበረው። የኔን ማሽላ ግን ወፉ ጨረሰው።»

«ነፋሱ ድንገት ነው የመጣው?»

«ምን ድንገት አለው፣ ልጄ። ከቀትር በኋላ ሁሌም ከተራራው በኩል ይነፍሳል። እኛ አውድማ ላይ ገለባውን የምንለየው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ማረፊያውን ለምን ወደዚያ አላዞሩትም?»

«ሜትር ይዞ የመጣው ሰውዬ ለነዳጅ መኪናው ይመቻል ብሎ በአስፋልቱ ትይዩ አደረገው።»

«አልነገራችሁትም?»

«ነገርነው እንጂ። እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኜ አሳየሁት። ‹ግድ የለም አባባ› አለና ልብሱን አራግፎ መለካቱን ቀጠለ።»

«ዛሬ ቢያገኙት ይለዩታል?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ መልኩን እንጃ። ድምፁን ግን እለየዋለሁ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል፣ ሜትሬን ከነቦርሳው እንዳቀፍኩ አለፍኩት።