ደን የነበረ ከሰል

ሕፃን ልጇን አቅፋ ወደ አባቷ ቤት የምትወጣው እናት፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ደብተር ከተሸከመች ሴት ጋር ልትጋጭ ለጥቂት ተረፈች። ቀና ብላ ስታያት፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ላይኛውን ፎቅ ተከራየሁ። የሥነ ምድር መምህርት ሆኛለሁ። ይቺ ያንቺ ናት?»

«የኔው ናት። ከነገ ጀምሮ ሥራ ስገባ አባዬ ጋ ልትውል ነው። በይ ነይ፣ ሰላም በይው።»

እናትየዋ እንደ ልማዷ ሌሊቱን ሙሉ ክፉ ክፉውን ስታሰላስል ነበር ያደረችው። ብትወድቅስ? የሆነ ነገር ብትውጥስ? ያላሰበችው ምድጃውን ብቻ ነው።

ክፍሉ ሞቋል። የድንጋይ ከሰሉ ሽታ ወደ ልጅነቷ መለሳት። አባቷ ባቡር ላይ እሳት ሲመግቡ ውለው ሲገቡ ሮጣ ጉልበታቸውን ታቅፍ ነበር፤ ፊቷም ጥላሸት ለብሶ ይመለሳል፤ እናቷ ይቆጣሉ፤ አባትና ልጅ ይሳሳቃሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ግን በዚህ ቤት ሳቅ ብርቅ ሆኗል። ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው ብለው የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወታትፈዋል።

መምህርቷ የጭስ ማውጫውን ቱቦ አየች። «አባባ፣ ክዳኑ ለምን ተዘጋ?»

«እሳት ማስተኛት ይባላል፣ የኔ ልጅ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ጭሱ ሲያልቅ ቱቦውን ትዘጊያለሽ፣ ፍሙን አመድ ታለብሺዋለሽ፤ ሙቀቱ የትም አይሄድም።»

«ጭሱ ማለቁን በምን ያውቃሉ?»

«ዓይንና አፍንጫ የለኝም? ደግሞ ይሄ እንጨት አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ምን የሚተነፍሰው አለ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደን ነበር።»

«ደን!» ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ ጓደኛሽን ምን አጠጥተሽ ነው ያመጣሻት?»

መምህርቷም ሳቀች። ከመደርደሪያው ላይ የቅጠል ቅርጽ ያለበት ጥቁር ዝርግ ድንጋይ አነሣች። «ይሄንንስ ማን ሠራው?»

«ከከሰሉ መሐል ያገኘሁት ነው። ሥራ የፈታ ቆፋሪ ቀርጾት ይሆናል።»

«ማንም አልቀረጸውም፤ የእውነት ቅጠል ያተመው ነው። ጥንት የረግረግ ደን ነበር። ዛፉ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አየር ስለማያገኝ በቅጡ አይበሰብስም። ጭቃና አሸዋ እየተጫነው፣ የምድር ሙቀት እያበሰለው፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ከሰል ይሆናል። ናፍጣም ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ባሕር ውስጥ ከኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት የመጣ ነው።»

«እሺ፣ ደን ይሁን። ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«አብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ አየር ይፈልጋል። ሲያፍኑት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ከዚያ…»

እናትየዋ የቀረውን አልጠበቀችም፤ ጨርቁን መንጭቃ መስኮቱን በረገደችው።

«ልጅቷን በብርድ ልታስመቺብኝ ነው?»

«አባዬ፣ ቱቦው ካልተከፈተ ልጄን እዚህ አልተዋትም!» አለች። አባቷ ከእሷና ከሕፃኗ በቀር ሰው እንደሌላቸው ታውቃለች።

ሽማግሌው ግን የሰሟት አይመስሉም። «ራስ ያማል ነው ያልሽኝ?» አሉ መምህርቷን፣ ቀስ ብለው። «በባቡር ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ከሰል እያነደድን የምናድር አራት ነበርን። ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን ይፈልጠን ነበር። መጠጡ ነው እንል ነበር፤ እኔ ግን መጠጥ አልቀምስም። ሳቂታው የምንለው ጓደኛችን አንድ ቀን ብንቀሰቅሰው ዝም አለ። ልቡ ነው ተባለ።» እጃቸውን አዩ። «የዚያን ዕለት እሳቱን ያስተኛሁት እኔ ነበርኩ።»



«አባባ፣ ያኔ ማንም አልነገራችሁም» አለች መምህርቷ።

ሽማግሌው ተነሥተው የቱቦውን ክዳን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ቀጥለው ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ከአራታችን የቀረነው ሁለት ነን። ሌላኛውም እስከ ዛሬ እሳት የሚያስተኛው እኔ እንዳስተማርኩት ነው።»

«ቀስ ብለህ ውረድ፣ ደረጃው ያዳልጣል!» ብላ ጮኸችባቸው፤ እሳቸው ግን ወርደው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሽማግሌዎች እርጅና ነው ያሉት የጠዋት ራስ ምታት ተዋቸው። ክፍሉ እንደ ድሮው አይሞቅም፤ ከሰሉም ቶሎ ያልቃል። ሕፃኗ ግን ሹራብ ደርባ፣ በአያቷ ጉልበት ላይ ስትስቅ ትውላለች።