የእድሩ ወንበሮች

ወንበሩን ሳብ አድርገሽ ተቀመጪ። በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እድር ማለት ድንኳንና ወንበር ነበር፤ እዚህ አትላንታ ስንመጣ ድንኳኑ ቀረና ወንበሩ አልቀረም። ታዲያ የስኔልቪሉ ቤቴ ጋራዥ ሰፊ ነው ተባለና ታጣፊው ወንበር ሁሉ እኔ ጋ ተከመረ፣ እና መኪናዬን ውጭ ፓርክ ሳደርግ ዓመታት አለፉ፣ ምን ይደረግ።

ታዲያ ልጄ ሳራ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረችው፣ አንድ ቀን ጋራዡን ከፍታ፣ "አባዬ፣ ማንም አይቀመጥበትም እኮ፣ ዝም ብሎ ቦታ ይዟል" አለች። "ተይው፣ የእድር ነው" አልኳት። በማግስቱ ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርት ሰው ሳመላለስ ውዬ ስገባ ጋራዡ ባዶ ነው። ኦንላይን ፖስት አድርጋ ሸጣዋለች። "ጥሩ ዋጋ አወጣ፣ ገንዘቡን ለእድሩ ስጣቸው፣ አዲስ ይገዙበታል" አለችኝ።

ታዲያ አዲሱ ሳይገዛ ጓደኛዬ ታደሰ ስቶን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር፣ ቤቱ አረፈ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፣ እና ቆመ። ሽማግሌው ቆመ፣ ነፍሰ ጡሯ ቆመች። የቆመ ሰው ደግሞ ለቅሶ ቤት አይቆይም፤ "እግዜር ያጥናሽ" ይልና የመኪናውን ቁልፍ ያወጣል። ሚስቱ አልማዝ በዚያ ቀን ብቻዋን ልትቀር ሆነ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ሳራ ሮጣ ለድግስ ከሚያከራዩ ሰዎች ወንበር አመጣች፣ ኪራዩ ከሸጠችበት ይበልጣል። እና ምን ዓይነት ወንበር መጣ መሰለሽ? የሰርግ! ወርቅማ፣ ጀርባው ላይ ሪባን የታሰረበት። አልማዝ ቀና ብላ አየችና እንባዋን እየጠረገች፣ "ምነው፣ ታደሰን ልትድሩት ነው እንዴ?" አለች። ሳቅን፣ ከዚያ መልሰን አለቀስን፤ ግን ሰው ተቀመጠ፣ እስኪመሽ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳራ መኪና ውስጥ፣ "አባዬ፣ አንድ ነገር የሚሸጥበት ዋጋ ሌላ፣ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ። ዩ ኖው፣ ፈተና ላይ ኤ ያገኘሁበት ነው እኮ" አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፣ መንዳቴን ቀጠልኩ።

እነዚህን አሁን የተቀመጥንባቸውን ወንበሮች ከዚያ በኋላ በራሷ ገንዘብ ገዛች። "አሁንስ ስንት ያወጣሉ?" ስላት፣ "አይሸጡም" ትላለች። ታዲያ ከእኩዮቼ የቀረነው ጥቂት ነን፣ መቅበር ሰልችቶኛል፤ ብቻ የእኔ ተራ ሲደርስ ሰው ቆሞ አይሄድም።

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ገና ነዎት።"

ተይኝ ልጄ። ብቻ ስትነሺ ወንበሩን አጥፈሽ ግድግዳው ጋ አስጠጊው።