አፉን ከፍቶ የተስማማው ሰው

ጥርስ ሠሪው ከሴት ልጁ ጋር ከዳቦ ቤት ሲወጣ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። መምህሩ የልጅነት ወዳጁ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱንም የሠራለት እሱ ነው። «መምህር፣ እንደምን ዋልክ?» ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ መምህሩ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ መንገዱን ተሻገረና ሄደ።

«ምን አድርጌው ነው?» አለ ጥርስ ሠሪው ግራ ገብቶት።

ልጁ የድረ ገጽና የመተግበሪያ ውል የምትጽፍ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ለአባቷም ቢሆን ነገር አታለባብስም። «አባዬ፣ ጥርሱን ሳታስገባለት ያነሳኸውን ፎቶ ድረ ገጽህ ላይ ለጥፈሃል። ተማሪዎቹ አግኝተውት ‹ድዱ› እያሉ ይጠሩታል። ሥራውን ሊለቅ ነው አሉ።»

ጥርስ ሠሪው ክው አለ። ግን ሰው ጥፋቱ ሲነገረው መጀመሪያ የሚፈልገው መሸሸጊያ አይደል? «ከጎኑ አዲሱን ያማረውን ጥርስ አድርጌያለሁ እኮ። ደግሞም ተስማምቷል። ደንበኞቼ የሚስማሙበት ውል በስልኩ ሲመጣለት ‹እስማማለሁ› የሚለው ተነክቷል።»

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ላግዘው ብዬ።»

«እሱ ያኔ ምን እያደረገ ነበር?»

«አፉ... የድዱን ልክ በምወስድበት ሊጥ ተሞልቶ ነበር።»

እንግዲህ ፍረዱ። ምራቁን መዋጥ እንኳ ያቃተው ሰው በየት በኩል እምቢ ይበል? ጥርስ ሠሪው የገዛ ቃሉን ሲሰማው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ያም ሆኖ አልተረታም።

«ያን ሁሉ ጽሑፍ ማን ያነባል ልጄ? እኔም ከአንድ ጫማ ሻጭ ድረ ገጽ ገልብጬ፣ ስለ ፎቶው አንድ መስመር ጨምሬበት ነው።»

«እንዳይነበብ ተደርጎ ስለሚጻፍ ነዋ። ውሉ የሰው ገበና እጅህ ሲገባ ምን እንደምታደርግበት አስቀድመህ የምትነግርበት ነው። ፎቶውን ለምን እንደምታነሳ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደምታጠፋው በአጭሩ ጻፍ። ለማስታወቂያ ካማረህ ለብቻው ጠይቅ፤ እምቢ ላለህም ጥርሱን ሥራለት።»

«ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ነው እኮ።»

«አሁን የሸሸህ ማን ነው?»

ጥርስ ሠሪው ቤቱ እንደገባ ፎቶዎቹን በሙሉ ከድረ ገጹ አጠፋ። ከልጁ ጋር ተቀምጠውም ማንም በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ውል ጻፉ። ዛሬ በጥርስ ሠሪው ሱቅ የሚሠራው በዚህ ውል ነው። ፎቶውን የሚፈቅድ ወዶ ይፈቅዳል፤ የማይፈቅድም ሳይሳቀቅ አፉን ይከፍታል። ድዳቸውን ለማሳየት ለዓመታት ያፈሩ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ተሠርቶላቸዋል። ደንበኛ ይሸሻል የተባለው ወሬ ሆኖ ቀረ።

መምህሩ ዘንድ መሄዱ ግን ከባድ ነበር። ጥርስ ሠሪው በሩን አንኳክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ትምህርት ቤትህ መጥቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በተማሪዎችህ ፊት እናገራለሁ» አለና አዲሱን ውል ሰጠው።

መምህሩ የፈተና ወረቀት የሚያርም ይመስል እያንዳንዱን ቃል አነበበ። «ጥሩ ተጽፏል። ያኔ ይህን አምጥተህ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ምን እንደምልህ ታውቃለህ?»

«አይሆንም ትለኝ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

ጥርስ ሠሪው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«አውቅ ነበር» አለ። «ለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ።»