ጣራ ላይ የወጣው ቱቦ

ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ወደ ጣራው የሚወጣውን ጥቁር ቱቦ መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ቱቦ ምን ይሠራል?»

«ሞተሩ አየር የሚስብበት ነው አባባ። ድሮ ከታች፣ ከጎማው አጠገብ ነበር የሚስበው። አቧራውን ሁሉ እየማገ ፊልትሮው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል።»

«አሁንስ?»

«አቧራ የሚበዛው ታች ነው። ቱቦውን ጣራ ላይ አወጣሁለትና ተገላገለ።»

ሽማግሌው ሳል ያዛቸው።

«አላህ ይባርክህ። ለእኔም እንደዚህ አንድ ሥራልኝ። ነፈስ እምቢ አለችኝ። ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው።»

«ነፍስ?»

«ነፈስ። ይሄ የምናስገባው፣ የምናስወጣው።»

«እ… ትንፋሽ!»

«እናንተ ትንፋሽ ትላላችሁ። እኛ ቤት ነፈስ ነው።»

«ቢቻልማ ዛሬውኑ ነበር የምሠራልዎት አባባ።»

ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ቀደመንና መንገዱ በአቧራ ጠፋ። ሾፌሩ መስኮቶቹን አስዘጋና ዳር ይዞ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ረፍዶብናል እኮ! ሞተሩ እንደሆነ ቱቦ ተሠርቶለታል!»

«አውቃለሁ እህቴ። አቧራው ይለፍ። ትንሽ ነፈስ እንውሰድ።»

እኔም ረፍዶብኝ ነበር፤ ሰዓቴን በእጅጌዬ ሸፈንኩት።