ሰኞ ጠዋት ሮዝ ሆነው ያገኘኋቸው ጠርሙሶች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር መጠሪያ፦ እማማ ብልቃጥ (በመሥሪያ ቤቷ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ በምርምር ላቦራቶሪ የዕቃ አጣቢና ረዳት
አድራሻ፦ ከዳቦ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

የታናሽ እህቴ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ሳትነቃ አራተኛ ቀኗን ይዛለች። ለዚህ ተጠያቂ የማደርገው የላቦራቶሪውን ኃላፊ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረኝ እርሱ ነው። በምሳ ሰዓት ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጠርሙስ ላይ በሚጻፍበት እስክሪብቶ እየጻፈ አስተማረኝ። እማዬ ነበር የሚለኝ። እኔም ልጅ ስላልወለድኩ ልጄ እለው ነበር።

በላቦራቶሪው አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ያለው መሣሪያ የሰው አንጀት አምሳያ ነው። አምስት የመስታወት ጠርሙሶች በቱቦ ተያይዘው ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው እንደ ጨጓራ፣ ሁለተኛው እንደ ቀጭኑ አንጀት፣ ሦስቱ እንደ ትልቁ አንጀት ናቸው። ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተወሰዱ ተህዋስያን ይገቡባቸዋል፤ እንደ ሰው ገላ ይሞቃሉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይመገባሉ። ምግቡን የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ሠራተኞቹ መሣሪያውን «ሆዱ» ይሉታል። ጠዋት ሲገቡ «እማማ፣ ሆዱ ቁርሱን በላ?» ይሉኛል፤ እኔም «ከእናንተ በፊት በልቷል፤ እሱ ቢያንስ አያማርርም» እላቸዋለሁ።

ከተህዋስያኑ የሚበዙት አየር ካገኛቸው ይሞታሉ። ስለዚህ አየሩን የሚያባርር ጋዝ ከሲሊንደር ያለማቋረጥ ይገባል። በምግቡ ውስጥም ማቅለሚያ አለ፤ አየር ከሌለ ቀለሙ አይታይም፣ አየር ከገባ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ከታየ በጠርሙሶቹ ያለው ሁሉ ይደፋል፤ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ እስኪረጋ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሕግ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ኃላፊው ራሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከጠዋቱ 1፡15 ሰዓት በሩን ከፍቼ ገባሁ። የጋዙ ድምፅ አልነበረም። የሲሊንደሩ መለኪያ ዜሮ ላይ ነበር። እሑድ ሲሊንደሩን የመለወጥ ተራው የኃላፊው ነው። ሦስቱም የትልቁ አንጀት ጠርሙሶች ሮዝ ሆነዋል። ሽታቸውም ተለውጧል፤ የወትሮውን ሽታ እንደ ገዛ ቤቴ ሽታ ነው የማውቀው። በቀኑ መዝገብ ወረቀት ላይ በእጄ «ሦስቱም ሮዝ። ጋዝ የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እስከዚያ ቀን ከፊርማዬ በቀር በመዝገቡ ላይ አንድም ቃል ጽፌ አላውቅም። አልደብቅም፣ በመጻፌ ደስ ብሎኝ ነበር። ኃላፊው መጥቶ እስኪያየው ቸኮልኩ።

ኃላፊው 2፡00 ሰዓት ላይ መጣ። ወረቀቱን አነበበ፤ ስለ ጽሑፌ ምንም አላለም። አዲስ ሲሊንደር ገጠመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠራኝ። ጋዙ አየሩን ስላባረረው ሮዙ ጠፍቶ ነበር። «እማዬ፣ እስቲ እዪው፤ አሁን ምን ቀለም ይታይሻል?» አለኝ። ምንም፣ አልኩት። «በቃ፣ የሚታይሽን ፈርሚ» ብሎ አስቀድሞ የሞላውን አዲስ ወረቀት ሰጠኝ። 1፡15 ሰዓት፣ ቀለም የለም፣ ጋዝ አለ ይላል። አንብቤዋለሁ። ሐሙስ ለተቅማጥ ሙከራ ለበጎ ፈቃደኛ ሕሙማን የሚሰጠው እንክብል ከእነዚያ ጠርሙሶች እንደሚዘጋጅ ስለማውቅ፣ ሕጉስ አልኩት። «ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ሦስት ሳምንት ከየት ላምጣ? በሞቴ እማዬ፣ አታስጨንቂኝ!» አለኝ። ፈረምኩ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ለሁለት ቀድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ቅርጫቱን የምደፋው እኔ እንደሆንኩ አላሰበም። ቁራጮቹን አንስቼ በቦርሳዬ ያዝኩ። ልከሰው ብዬ አይደለም፤ ጽሑፌ አሳዘነኝ። ሁለቱንም ቁራጭ ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

የእህቴ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቅማጥ አልለቅ ብሏት ከስታ ነበር። ለሙከራው ወስጄ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ተራዋ የሚቀጥለው ወር ነው ተብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት የሆስፒታሉ ሐኪም ወደ ላቦራቶሪው መጣች። ሐሙስ እንክብሉን ከወሰዱት አንድ ሰው በብርቱ ትኩሳት መተኛቱን ተናገረች። ሕሙማኑ በቁጥር ስለሚታወቁ ስም አልጠራችም። «እማማ፣ ሰኞ ጠዋት ጠርሙሶቹን ያዩት እርስዎ ነዎት? የተለየ ነገር ነበረ?» አለችኝ። ኃላፊው ቀደመኝ። «እሷ እኮ ማንበብ አትችልም፤ ፈርሚ ስንላት ነው የምትፈርመው» አለና ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከሥራው እንዳይባረር አሰብኩ። ስለ ፊርማዬም ፈራሁ። እውነቱን ነው፣ ማንበብ አልችልም አልኳት። ሐኪሟ አመስግናኝ ወጣች። እርሱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

በዚያው ቀን 7፡30 ሰዓት ላይ ዕቃ እያጠብኩ እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ የት ነሽ? ልጄን ብጠራት ብጠራት አትሰማኝም! ያ የመስታወት ሆድ ያድናታል አላልሽኝም?» አለች። አንድ ታማሚ በመቅረቱ የልጅቷ ተራ ወደ ሐሙስ መጥቶላት ነበር። እህቴና ልጇ፣ ድና መጥታ እንድታስደንቀኝ ብለው አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የቧንቧው ውሃ ሞልቶ ፈስሶ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ነው ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት።

8፡20 ሰዓት ሆስፒታል ደረስኩ። በኮሪደሩ ያችኑ ሐኪም አገኘኋት። የተቀደደውን ወረቀት በግድግዳው ላይ ገጥሜ ያዝኩላት። «ይህን ማን ጻፈው?» አለች። እኔ፣ አልኳት። «ጠዋት ማንበብ አልችልም አላሉኝም?» አለች።  ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ሮጠች። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ አየር የማይገድላቸው ክፉ ተህዋስያን በጠርሙሶቹ በዝተው፣ በእንክብሉ ወደ ልጅቷ ገብተው ደሟ ውስጥ ደርሰዋል። ሲሰጣት የነበረው መድኃኒት እነዚያን አይነካም። የተለወጠው ከእኔ ወረቀት በኋላ ነው። እውነቱን ሳልናገር ያለፈው አራት ሰዓት ነው ወይ የጎዳት ብዬ ጠየቅኋት። አዎም አይደለምም አላለችኝም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ልጅቷ የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነው። እህቴና እኔ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ አታናግረኝም።

መርማሪው ቃሌን ሊያነብልኝ ሲጀምር ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ያየሁት፣ የሰማሁትና ያደረግሁት በሙሉ እዚህ አለ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ። ወደዚያ ላቦራቶሪ አልመለስም። ሰውየውን ልጄ አልለውም። ከእንግዲህ ማንንም ለማዳን ብዬ፣ ራሴንም ቢሆን፣ ማንበብ አልችልም አልልም።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________