በነፋስ ፓምፑ ላይ የታሰረው መጫኛ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ትርንጎ አላምረው አምባው
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ አራተኛ ክፍል
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ራያና ቆቦ አውራጃ፣ ሮቢት አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ቆቦ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በገበሬ ማኅበሩ የነፋስ ፓምፕ ላይ ስለደረሰው ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ ታሂር በድረዲን፣ በእስር ላይ የሚገኝ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ተጠርጣሪውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ነው። እሱም አባቴም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ ተቀናጅተው ያርሳሉ። ጠብ የለንም። አያ ታሂር እስከ ዘንድሮ ኅዳር ድረስ የማኅበሩን የናፍጣ ሞተር እያስነሳ ከጉድጓዱ ውሃ የሚስብ ሠራተኛ ነበር። ናፍጣ በኩፖን ከሆነ ወዲህ ከቆቦ ሳይመጣ ሲቀር ከብቱ ባዶ ገንዳ ከቦ ይውል ነበር። በኅዳር ወር የነፋስ ፓምፑ ተተከለ። በምርቃቱ ዕለት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ፣ አገራችን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ መግዛቷን ትታ በራሷ ነፋስ፣ ውሃና ፀሐይ እንደምትሠራ፣ ጀማሪዎቹም እኛ እንደሆንን ተናገሩ። «ነፋስ ኩፖን አይጠይቅም» ሲሉ ሰው አጨበጨበ። የናፍጣው ሞተር በሸራ ተሸፈነ፤ አያ ታሂርም ወደ እርሻው ተመለሰ። ሰዎች «ታሂር፣ ነፋሱ እንቢ ሲል እፍ እያልህ ታስነሳዋለህ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «የናንተ አፍ እያለ የኔ ምን ይሠራል» ብሎ ሲመልስ ሰምቻለሁ። ተቆጥቶ አላየሁም።

አውድማችን ከፓምፑ በስተምዕራብ ነው። በዚህ ወር ማሽላው ተወቅቶ ለማዝራት ነፋስ ስንጠብቅ ነፋስ ጠፋ። ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው የፓምፑን መዘውር ስለሆነ፣ መዘውሩ ነፋሱን ጨርሶት ለእኛ አይተርፍም ተባለ። ይህን የሚሉት ብዙ ሰዎች ናቸው። አባቴ ፓምፑ ለአንድ ቀን እንዲቆምለት ጓድ ታረቀኝን ሲለምን አብሬው ነበርሁ። ጓድ ታረቀኝ «አላምረው፣ ነፋስ እኮ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ከብቱስ ምን ይጠጣ» ብለው ሳቁ። የማቆሚያው ዘንግ ልጆች እንዳይነኩት በቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው።

ታኅሣሥ 18 ቀን ረፋድ ላይ ለአባቴ ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴን ከፓምፑ የብረት ማማ ላይ አየሁት። መዘውሩን ከማማው እግር ጋር በመጫኛ አሰረው። ወርዶ «ምርቱን አዝርቼ ልፈታው ነው» አለኝ። መንሹን ይዘን ቆየን፤ ነፋስ ግን አልመጣም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ አባቴ ጆንያ ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ። እሱ እንደሄደ ነፋሱ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ገለባውን ሁሉ አነሣው። መዘውሩ መዞር ስላልቻለ ከነማማው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክንፎቹም ሲጣመሙ ድምፁ ከአውድማው ይሰማ ነበር። አያ ታሂር ከማሳው ሮጦ መጣ። የማቆሚያውን ዘንግ ቢሞክር እንደተቆለፈ ነው። ያን ጊዜ ጩቤውን በጥርሱ ይዞ ወጣና መጫኛውን ቆረጠው። መዘውሩ ዞረ። የማኅበሩ ሚሊሺያ የደረሰው አያ ታሂር ጩቤና ቁራጩን መጫኛ ይዞ ሲወርድ ነው። «ቂምህን ተወጣህ አይደል» አለው። አያ ታሂር መጫኛውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «አብሽሪ፣ ልጄ» ብሎኝ ከሚሊሺያው ጋር ሄደ። ማን እንዳሰረው አልተናገረም።

ኤግዚቢት የሆነው መጫኛ ቀርቦልኝ ታውቂዋለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የቤታችን ነው። ጫፉ አምና ተበጥሶ በፍየል ጠፍር የቀጠልሁት እኔ ነኝ። አያ ታሂርም በዚሁ መጫኛ ምርቱን ስለሚጭን ያውቀዋል።

መዘውሩ ነፋስ ይወስዳል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አምን ነበር። ነገር ግን መዘውሩ ታስሮ በዋለበትም ሰዓት ነፋስ አልነበረም።

አባትሽ የት ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጧል። አያ ታሂር ከተያዘ ጀምሮ እህል አልበላም። እናቴ «ምርቱ አውድማ ላይ ሳለ አትሂድ» ብላ ይዛው ነበር። ዛሬ መጥሪያው ለእኔ ሲመጣ አብሮኝ መጣ። በመንገድ ላይ «ያየሽውን ተናገሪ፣ ለእኔ ብለሽ አትደብቂ። ካንቺ ቀጥሎ እገባለሁ» ብሎኛል።

ቃሌ ሲነበብልኝ «አባቴ በፓምፑ ላይ አሻጥር ሲፈጽም አየሁ» የሚል ሰምቼ፣ አሻጥር የሚለው የእኔ ቃል አይደለም፣ ያልሁት ሲያስር አየሁ ነው ብዬ ጠይቄ ተሰርዞ ተስተካክሏል። ከዚህ ሌላ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም። ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ በእውነት የሰጠሁት ቃል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ትርንጎ አላምረው

ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል አሥር አለቃ ከበደ ተሾመ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ አላምረው አምባው ከበር ተጠርቶ ገብቷል። ቃሉ በሌላ ወረቀት ተጽፏል።