ታማሚን እስከ ቤቱ መሸኘት

ታናሽ ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ልቡ ደክሞ እንደገና ሆስፒታል የገባ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። የተኛበት ክፍል እየተወለወለ ስለነበር፣ ወለሉ እስኪደርቅ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከሩ ነበር። አንደኛዋን አውቃቸዋለሁ፤ የሰፈሬ ሰው ናቸው። የውስጥ ደዌ ክፍል ዋና ነርስ ሲሆኑ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ትልቋ ሲስተር» ይላቸዋል። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ነርስነትንም ከሳቸው ሥር ሆና ነው የተማረችው።

ትልቋ ሲስተር ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍረድ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ደስ እያለኝ ጠጋ አልኩ።

«ምን ተፈጠረ ሲስተር?»

«ይቺ ልጅ ነርስነቷን ተወች። ስንት የደከምኩባት ልጅ! የጠፋ ደም ሥር በጣቷ ዳብሳ የምታገኝ እኮ ናት። አሁን ወንበር አማራት። ኬዝ ማኔጀር ሆኛለሁ ትለኛለች።»

«ነርስነቴንማ አልተውኩም እትዬ» አለች ልጅቱ በዝግታ። ወደ እኔም ዞራ «የሕሙማን ጉዳይ አስተባባሪ ማለት ነው መምህር። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» ስትል አስረዳችኝ።

«እንዴት ወደዚያ ሄድሽ ልጄ?» አልኳት።

«እዚህ ክፍል በዲፕሎማ ነው የገባሁት። አልጋ ማንጠፍ፣ ቁስል ማጠብ፣ ታማሚ ማገላበጥ፣ ሁሉንም ከእትዬ ተማርኩ። ቀን እየሠራሁ ማታ ተምሬ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ ቆይቶም የፈረቃ ኃላፊ ሆንኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አክመነው፣ አገግሞ፣ መርቆን የሄደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ያው አልጋ ላይ ተመልሶ ይተኛል።»

«በሽታ ነዋ!» አሉ ትልቋ ሲስተር። «ከበሩ ከወጣ በኋላ እኛ ምን እናድርገው? ዘመድ አለው፣ ፈጣሪ አለው።»

«የእኔ ሥራ ታዲያ ከዚያ በር ነው የሚጀምረው እትዬ። ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ገብቶታል ወይ? ቤቱ ሲገባ ማን ያስታምመዋል? ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ፎቅ ላይ ቢኖርስ? ሐኪሙም፣ ፋርማሲውም፣ ፊዚዮቴራፒውም የየራሳቸውን ይሠራሉ። ሁሉንም አገናኝቶ ታማሚውን የሚከተል ሰው ግን አልነበረም።»

«ይሄ ነርስ ይፈልጋል? አንድ ጸሐፊ አይበቃውም?»

«ታማሚ ‹ደህና ነኝ› ሲል ደህና አለመሆኑን ከአተነፋፈሱ የሚያውቅ ጸሐፊ የለም። ይሄን ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«በሙገሳ አትደልይኝ!» አሉ ሲስተር፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ሊል ከጅሎት ነበር። «እሺ፣ አንዱ ‹ሲስተር› ብሎ ሲጣራስ? ‹ስልክ ላይ ነኝ፣ ቆይልኝ› ልትይው ነው? በሰው እጥረት እያለቅን ነው። ትናንት ሁለት ልጆች ብቻቸውን ክፍሉን ሙሉ ይዘው ዋሉ። አንቺ ስትሄጂ አልጋው አጠገብ ማን ይቁም?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «እሱ እኔንም ያሳስበኛል» አለች። «ግን እትዬ፣ ተመልሶ የሚተኛው ቢቀንስ የቀሩት ልጆች ትንሽ ይተነፍሱ ነበር።»

ልቤ ወደ ትልቋ ሲስተር ማዘንበሉን መደበቅ አልችልም። ወንድሜን ከሞት አፋፍ የመለሱት እኚህ ሴት ናቸው፤ ስልክና ወንበር አይደሉም። ሆኖም ወንድሜም ከእነዚያ ከሚመላለሱት አንዱ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ምስክር ልስማ» አልኩ። «ወንድሜ ፈቃዱ ከሆነ ልጅቱ ታነጋግረው፤ እኛም እንስማ።»

ወለሉ ደርቆ ስለነበር ገባን። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደራርቦለት ተቀምጧል። እግሮቹ ከማበጣቸው የተነሳ ቆዳው ያብለጨልጫል። ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች።

«ይኸው፣ ደንበኛዬ» አሉ ትልቋ ሲስተር፣ ትራሱን እያቃኑለት።

ልጅቱ እንድታነጋግረው እሺ ሲላት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስለ መድኃኒት ይሆናል የምትጠይቀው ስል፣ ስለ ሥራው ጠየቀችው። ወንድሜ ስለ አውቶቡሱ ሲያወራ በሽታውን ይረሳል። ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ቲኬት ሳይቆርጡ ስለሚሾልኩት፣ ሁሉንም ዘረገፈላት።

«ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይወርዱ ነው የሚነዱት ጋሼ?»

«ወርጄማ የት እደርሳለሁ? ተሳፋሪው ይበላኛል!»

«ታዲያ ሽንትዎ ሲመጣስ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ግድግዳውን።

«እንዳይመጣ ማድረግ ነዋ» አለ በመጨረሻ።

«ጠዋት ጠዋት የሚዋጠውን፣ ሽንት የሚያበዛውን ኪኒን ትተው ማለት ነው?»

«ሥራ በምገባበት ቀን አልውጠውም። እሑድ እሑድ ግን እውጣለሁ።»

ትልቋ ሲስተር ብድግ አሉ። «ምን አልክ? ‹መድኃኒትህን ትወስዳለህ?› ስልህ ‹አዎ ሲስተር› ትለኝ አልነበር?»

«እወስዳለሁ እኮ ሲስተር። እሑድ።»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሲስቅ ሳሉ ተነሳበትና ባለቤቱ ደረቱን ደገፈችው። ሳሉ ሲበርድለት ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ሐኪም ለአለቆቼ ከነገረ መሪውን ይነጥቁኛል ብዬ ነው» አለ። ታላቁ ነኝ፤ ግን እንዲህ ፈርቶ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ልጅቱ አልተቆጣችውም። «ቢፈሩ አይፈረድብዎትም» አለችው። «ግን ኪኒኑን ካልዋጡ ውሃው ሳንባዎ ውስጥ ይጠራቀማል። መሪ እንደያዙ ራስዎን ቢስቱ፣ ከኋላዎ ስንት ሰው አለ?»

 ወንድሜ ቢከብደውም፣ ሐኪሙንና አለቆቹን እንድታነጋግር ፈቀደላት።

በዚያው ከሰዓት ያደረገችውን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ሐኪሙን አነጋግራ ኪኒኑ ለሥራው በሚመች ሰዓት እንዲዋጥ አስደረገች። መንዳቱን ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ እንዲያቆም አስማማችው። ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውላ፣ ከሥራ ሳይወጣ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚያሰማራበት ቦታ እንዲሰጠው ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋገረች። ባለቤቱንም ጠዋት ጠዋት እንድትመዝነው፣ ክብደቱ በድንገት ከጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትውል ሳታድር እንድትደውል አስተማረቻት። ጨው ቀንሺ ስትላት ወንድሜ ጣልቃ ገብቶ «እንደሱ ከሆነማ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል!» አለ። ባለቤቱ ትከሻውን መታ አደረገችው።

ወደ ኮሪደሩ ስንመለስ ፍርዴን ለመናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ትልቋ ሲስተር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይተዉት መምህር፤ ገብቶኛል። የዚህን ሰው እብጠት አጉድዬ በሸኘሁት ቁጥር ዳነ እል ነበር። ወጥቶ እንዴት እንደሚውል ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።»

«መቼ ጊዜ ነበረዎት እትዬ?» አለች ልጅቱ እጃቸውን ይዛ። «ያን ሁሉ ታማሚ ይዘው! እርስዎ ትንፋሹን ባይመልሱለት እኔ ዛሬ ማንን አነጋግር ነበር?»

እኔም ያን ጊዜ ሁለቱ ሥራዎች አንድ መሆናቸው ታየኝ። አንዷ ሰውን ከሞት ትመልሳለች፤ ሌላዋ ተመልሶ እንዳይወድቅ መንገዱን ትጠርግለታለች።

አሁን ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ወጣት ሾፌሮችን በትእዛዝ ቁም ስቅላቸውን ያሳያቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የሚሄደው ለቀጠሮ ብቻ ነው። ይተኛበት የነበረው አልጋ ለሌላ ሕመምተኛ ደርሷል፤ ባለቤቱ በየኮሪደሩ ወንበር ከማደር ተገላግላለች፤ ልጆቹም አባታቸው በጊዜ ቤቱ ገብቶ የቤት ሥራቸውን ያይላቸዋል። አንዲት ነርስ ሙያዋን አሳድጋ ሌላ ቦታ በመቆሟ የተገኘው ጥቅም ይህን ያህል ነው። ወጣት ነርሶችም ይህን አይተው ከአልጋው አጠገብ የተማሩት ነገር ሩቅ እንደሚያደርሳቸው ቢያምኑ፣ አንጋፋዎቹም መንገድ ቢለቁላቸው እላለሁ።

በቅርቡ ትልቋን ሲስተር ላመሰግን ወደ ክፍላቸው ሄጄ ነበር።

«እሷን ያመስግኑ» አሉኝ። «እኔም ባለፈው አመስግኛታለሁ። በቁጣ እንጂ በምስጋና አላሳደግኳትም፤ አፌን ያዝ እያደረገኝ ነው የተናገርኩት።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገችና ‹እትዬ፣ በሩ አጠገብ የተኙት አዛውንት ነገ ይወጣሉ፤ ቁስላቸውን እንዴት እንደምታጥብላቸው ለሴት ልጃቸው ያሳዩልኝ› አለችኝ። አዘዘችኝ እኮ መምህር! እኔን!»

«ታዲያ ምን አሉ?»

ትልቋ ሲስተር የጋውናቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። ኩራታቸው ፊታቸውን ሞልቶት ነበር።

«ምን እላለሁ? ሄጄ አሳየኋት።»